የአባባ ሁለተኛ ዓይን

ባለፈው ቅዳሜ ናሆም ከአዲስ አበባ መጣ። ስድስተኛ ክፍል ሳስተምረው እርሳስ እያኘከ የሚጨርስ ልጅ ነበር፤ ዛሬ ጢሙን አሳድጎ የሥዕል ዐውደ ርእይ ያዘጋጃል። ደብረ ብርሃን ድረስ ያመጣው በቤቴ ግድግዳና በአልጋዬ ሥር ያለው ስብስቤ ነው። አርባ ሦስት የቻይና የቀለም ሥዕሎች አሉኝ። የጥንት አይደሉም። የአያት የቅድመ አያቶቻቸውን ብሩሽና ጥቁር ቀለም ይዘው የዛሬውን ዓለም የሚስሉ ሰዎች ሥራ ናቸው። ድሮ ጀልባ ይሣልበት በነበረው ጉም ውስጥ ባቡር የሚያልፍበት አለ። ገደል መስሎኝ ቀርቤ ሳየው ሃያ ፎቅ የሆነብኝ አለ። ጥድ ሥር ተቀምጣ ስልኳን የምትነካካ ልጅም አለች። በሰሜን ሸዋ ከኔ የተሻለ ስብስብ አለኝ የሚል ካለ ይምጣና እንተያይ።

ናሆም በስልኩ ፎቶ እያነሳ፣ እያደነቀ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲሄድ ቆየና መስኮቱ አጠገብ ያለችው ዘንድ ሲደርስ ቆመ። አንድ ቄስ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው በጉልበታቸው ላይ ሲጽፉ የሚያሳይ ሥዕል ነው።

“ቲቸር፣ ይሄኛው ተነክቷል” አለኝ።

“ምኑ?”

“ዓይኑ። የሆነ ሰው በኋላ ጨምሮበታል። አያስቡ፣ ወረቀቱን ሳይጎዳ የሚያነሳልን ባለሙያ አዲስ አበባ አውቃለሁ። ይሄ ዓይን ባይኖርበት እኮ ከሁሉም አንደኛው እሱ ነበር።”

ትዕግሥት ሲታደል እኔ ሌላ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። “ስልክህን አስቀምጥና ቁጭ በል” አልኩት። የገብስ ቆሎ በሳህን ሞልቼ ፊቱ አደረግሁና ነገርኩት። እዚህ የምጽፈው ለሱ የነገርኩትን ነው፤ አንዲት ነገር ብቻ በሆዴ ይዤበት ነበር፣ እሷንም እጽፋለሁ።

ሃያ ዓመቴ ነበር። ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይቼ ተምሬ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ ብርድ ልብሴን ጠቅልዬ አንኮበር ወላጆቼ ቤት ተመለስኩ። ቤታችን ከጎረቤላ ከተማ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ሸንተረሩ ጫፍ ላይ ነው። በዚያ ዓመት ቻይናዎች መንገዱን ሊሠሩ መጥተው ሰው ይቀጥሩ ነበርና ባንዲራ ያዥ ሆንኩ። ጠመዝማዛው ላይ ቆሜ በቀይ ባንዲራ መኪና አስቆማለሁ፣ በአረንጓዴ አሳልፋለሁ። ሥራው ቀላል ነው፤ ክፉው ጉሙ ነበር። ከቆላው ተነሥቶ ገደሉን እየዳሰሰ ይወጣና እንኳን ባንዲራዬ የገዛ እጄም አይታየኝም። እንዲያ ሲሆን ባንዲራውን ትቼ እጮሃለሁ። ድምፄ የወፈረው ያኔ ነው፤ ተማሪዎቼ ምስክር ናቸው።

ከኔ ፈንጠር ብሎ ቀያሹ ይቆማል። ሊን ይባላል፤ ሃምሳ ያለፈው፣ ቀጭን፣ ባርኔጣው ከጭንቅላቱ የማይወርድ ሰው። በሦስት እግር የሚቆም መለኪያውን ተክሎ በመነጽሩ ማዶ ማዶውን ሲያይ ይውላል። እኔ ጋሽ ሊን እለው ነበር። ለውጭ ሰው አንቱታ አልለመድንምና ጋሽ እያልኩ አንተ ስለው ቀረሁ፤ ዛሬ ይቆጨኛል። ሲመጣ የሚያውቃት አማርኛ “ና፣ ሂድ፣ ቶሎ ቶሎ” ነበረች። የቀረውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። መምህርነትን የጀመርኩት በሱ ነው ማለት ይቻላል።

ምሳ ሰዓት ሌላው ወደ ካምፕ ሲወርድ እሱ የመለኪያውን ሣጥን ይገለብጥና ጠረጴዛ ያደርገዋል። የሳሙና ቁራጭ የምትመስል ደረቅ ቀለም አውጥቶ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ውሃ ጠብ እያደረገ ያሻታል። ከዚያ ስስ ወረቀት ይዘረጋል፣ ብሩሹን ያነሣል፣ ብዙ ያስባል፣ ትንሽ ይስላል። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የበሶ ጭብጦዬን እየገመጥኩ አየዋለሁ። አንድ ቀን ቆርሼ ሰጠሁት። በርበሬው ዓይኑን በእንባ ሞላው፤ በማግስቱ ግን ራሱ እጁን ዘረጋ።

እንዲህ እያለ አንድ ቀን የሣለውን አየና ራሱን ነቅንቆ፣ ጨምድዶ ጣለው። ነፋስ ወሰደው። እኔ ባንዲራዬን ጥዬ ተከተልኩትና ገደሉ አፋፍ ላይ ቁጥቋጦ ሲይዘው ደረስኩበት። ሳፍታታው ኤክስካቫተር ነው። ያ ቀኑን ሙሉ ተራራ ሲፍቅ የሚውለው ቢጫ ማሽን፣ በጥቁር ቀለም ብቻ፣ ገደል ጫፍ ላይ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ግማሹ ወረቀት ምንም አልተነካም። ያልተነካው ግን ባዶ አልነበረም፤ የኛው ጉም ነው። በየቀኑ የምረግመውን ጉም ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት።

“ተበላሸ” አለኝ ጋሽ ሊን።

“ምኑ ነው የተበላሸው?”

ቃል እየፈለገ ነገረኝ። “አስተማሪዬ ጥድ ሣል አለ። ቀርከሃ ሣል። ወፍ ሣል። ማሽን አትሣል። እኔ ማሽን እሥላለሁ። ማሽን እንደ ጥድ እስኪሆን እሥላለሁ። ይሄ ገና ነው።”

“እንግዲያው የተበላሸውን ለኔ ስጠኝ።”

“ውሰጂ” አለና ሳቀ።

ስብስቤ የተጀመረው እንዲህ ነው። እሱ ይጥላል፣ እኔ አነሣለሁ። ባለቢጫ ጀሪካን ሴቶች፣ ጉም ውስጥ መብራቷን ያበራች አይሱዙ፣ የሲሚንቶ ከረጢት የተሸከመ አህያ፣ ሁሉም በዚያ በጥንቱ ብሩሽ። ጥር ሲገባ ሠላሳ አንድ ደርሰው ነበር። እንዳይታጠፉ በአባባ ሣጥን ውስጥ፣ ካልተጻፈባቸው ብራናዎች መሐል አስቀመጥኳቸው።

አባባ፣ መምሬ ጌጡ፣ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍትን በብራና ላይ በእጃቸው የሚጽፉ ማለቴ ነው። ፀሐይ ስትወጣ ደጃፋችን ላይ ይቀመጣሉ፤ ሁለት ቀንዶች፣ አንዱ ጥቁር አንዱ ቀይ ቀለም ሞልቶባቸው፣ አጠገባቸው መሬት ውስጥ ይተከላሉ፤ የመቃ ብዕራቸውን ይቀርጹና ብራናውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጀምራሉ። ለቀለሙ ጥላሸቱን ከድስት ቂጥ የምፍቀው እኔ፣ ገብሱን የማሳርረው እኔ፣ ቀለሙ ሦስት ወር ሲቦካ የማማስለው እኔ። መቃ ግን ይዤ አላውቅም። ለሴት ልጅ አልተለመደም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባል የለ!

የጋሽ ሊን ቀለም ሊያልቅ ሲል የአባባን ቀለም በመድኃኒት ጠርሙስ ወሰድኩለት። ከፍቶ አሸተተውና አፍንጫው ተሸበሸበ፤ ወረቀት ላይ ጠብ ሲያደርገው ግን ጎንበስ ብሎ ቀረበው። ጠቁሮ፣ ጠቁሮ፣ ያበራል። “ከምን?” አለኝ። “ከጥላሸት” አልኩት። የራሱን የቀለም ቁራጭ እያሳየኝ “የኛም ጥላሸት!” ብሎ ጮኸ። ያቺን ቁራጭ ለአባባ ላከላቸው። አባባ በጣታቸው አሽተው፣ አሽትተው፣ “ከኛው ወገን ነው፤ ሰውየው ባለሙያ ነው። ለንግሡ ጥሪው” አሉኝ። አባባ ባለሙያ ነው ያሉት ሰው በዕድሜዬ ሦስት አይሞላም።

የደብራችን ንግሥ በጥር ነው። ጠዋቱ ውርጭ፣ ቀኑ ጠራራ ፀሐይ፣ አውድማው ሁሉ ገለባ የሚሸትበት ጊዜ። በዚያ ዓመት ከእነዋሪ ከተማ በኩል ሁለት ሽማግሌዎች በእንግድነት መጥተው ነበር፤ ለደብራቸው ትልቅ መጽሐፍ ሊያስጽፉ አባባን ሊያነጋግሩ ነው። የአባባ ወዳጅ መምሬ ሺበሺም ነበሩ። ጋሽ ሊን ጫማውን ወልውሎ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ በክንዱ ጥቅል ይዞ ገባ። ድፎ ዳቦውን በላ፣ ጠላውን ጠጣ፣ እናቴ ጨምር ባለችው ቁጥር ጨመረ። ከዚያ ተነሥቶ ጥቅሉን በሁለት እጁ ለአባባ ሰጠ። መምሬ ሺበሺ አንዱን ጫፍ ይዘው ዘረጉት።

አባባ ነበሩ። ለካ ጋሽ ሊን ከማዶ ሸንተረር ሆኖ በመለኪያው መነጽር ያያቸው ኖሯል! ደጃፉ፣ ሁለቱ ቀንዶች፣ ብራናውን ደገፍ የምታደርገው ትንሿ ጣታቸው ሳትቀር። ከፊታቸው ነጩ ጉም፣ ከጉሙ በላይ የተራራ ጫፍ። ደረቴ በኩራት ተነፋ። ወዲያው ግን ሁላችንም ያየነውን አየሁ። ከጎን የተሣሉ ናቸውና አንድ ዓይን ብቻ ነበራቸው።

በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ጻድቅ ሰው ፊቱን መልሶ በሁለት ሙሉ ዓይን ያየናል። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣን ነው፣ ይሁዳ ነው። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም፤ እያየን ያደግነው ነው።

“መምሬ ጌጡ” አሉ መምሬ ሺበሺ ቀስ ብለው፣ “አንደኛው ዓይንዎ የት ሄደ?”

የሳቀ የለም። ከእነዋሪዎቹ አንዱ አማተቡ። ጋሽ ሊን ነገሩ አልገባውምና ፈገግ እንዳለ ቆሟል። አባባ “እግዜር ይስጥልን” አሉት፣ ሥዕሉን ቀስ ብለው ጠቀለሉ፣ በገዛ እጃቸውም ጠላ ቀዱለት። እንግዶቹ ግን ብዙ አልቆዩም። የእነዋሪዎቹ ሽማግሌዎች “እንመካከርና እንልክብዎታለን” ብለው ተነሡ።

ቤቱ ባዶ ሲሆን አባባ ጠሩኝ።

“ሰውየው አያውቅም፤ አልፈርድበትም” አሉኝ። “እኔም አንድ ዓይና ብባል አልሞትም። ነገር ግን በይሁዳ እጅ የተጻፈ መጽሐፍ ማን ይሳለማል? ነገ ወረቀቱን መልሺለት።”

“ይህንን?”

“ሁሉንም። አንዲት በቤቴ እንዳትቀር። ባንዲራውም ይበቃሻል።”

አባባ ሁለት ጊዜ የሚናገሩ ሰው አልነበሩም። በማግስቱ እሳቸው ኪዳን ሊያደርሱ ሲሄዱ ሣጥኑን ከፍቼ ሠላሳ አንዱን ሰበሰብኩ። መጨረሻ ላይ የሳቸውን ዘረጋሁት። ሌሎቹን መመለስ አንጀቴን ቢያቆስለውም እችለው ነበር። ይህን እንዲህ አድርጎ መመለስ ግን አባቴን አጉድሎ ማስረከብ መሰለኝ። ደጃፉ ላይ፣ እሳቸው ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። መቃቸውን አነሣሁ። ጥቁሩ ቀንድ ውስጥ ነከርኩና ከአፍንጫቸው ማዶ፣ ባዶው ወረቀት ላይ፣ በግድግዳው ላይ ካሉት መላእክት እንደ አንዱ ያለ ዓይን ሣልኩ። ሰፊ፣ ብሌኑ መሐል ለመሐል፣ ቅንድቡ ወፍራም። ብራና ቀለሙን ይይዛል፤ ያ ወረቀት ግን ይጠጣ ነበርና ዳር ዳሩ ትንሽ ፈሰሰብኝ። ሳበቃ አባባ ሁለት ዓይን ነበራቸው፤ አንዱ ከፊታቸው ውጭ ተንሳፍፎ።

ያኔ ነው የበረደኝ። ምን አደረግሁ! ትናንት የተዋረደው አንድ ሰው ነበር፤ ዛሬ የሌላውን ሰው ሥራ አበላሽቼ ሁለት አደረግኋቸው። ሁሉንም በነጠላዬ ጠቅልዬ እያለቀስኩ ወደ መንገዱ ሄድኩ።

“ጋሽ ሊን፣ አጥፍቻለሁ” አልኩት።

ዘርግቶ አየው። እኔ ፊቴን በመዳፌ ግማሹን እየሸፈንኩ አስረዳሁት። “አንድ ዓይን፣ መጥፎ ሰው። ሁለት ዓይን፣ ጥሩ ሰው። በኛ እንደዚያ ነው።”

ፊቱ ተለወጠ። “አባን... መጥፎ ሰው አልኩ?” አለና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ፣ “አስተማሪዬ ጥሩ ሰው ተራራ ያያል አለ። እኛን አያይም። ስለዚህ ከጎን” አለኝ። ለካ ያከበራቸው በዚያው ባዋረዳቸው ነገር ነው!

እንደገና ወደ ዓይኑ ተመለሰ። ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ሊያለቅስ ነው ስል ሳቁ ፈነዳ። እስኪያነባ ሳቀ። እንባውን ጠርጎ የነገረኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

“በኛ አገር ሥዕል የያዘ ሰው ነጩ ላይ ይጽፋል። ማኅተም ያደርጋል። እሱ ሲሞት ሌላው ይይዛል፣ እሱም ይጽፋል። ነጩን የምንተወው ለነሱ ነው። አንቺ ዓይን ጻፍሽ። ጥሩ ነው።” ከኪሱ ትንሽ የድንጋይ ማኅተም አወጣና ከሣልኩት ዓይን ሥር ቀይ አድርጎ ረገጠው። ባርኔጣውን አውልቆም “ወደ አባ” አለኝ።

አባባ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ደጃፋቸው ላይ ነበሩ። ጋሽ ሊን ወገቡ እስኪታጠፍ ዝቅ ብሎ ይቅርታ ጠየቀ፤ የአስተማሪውን ነገር እኔ አስረዳሁላቸው። አባባ ሥዕሉን ተቀበሉ።

“ይህን ዓይን ማን ሣለው?”

“እኔ ነኝ።”

“በማን መቃ?”

“በርስዎ።”

ወደ ፀሐይ አዞሩት። አራቁት፣ አቀረቡት። ለናሆም ያልነገርኩት ቀጥለው ያሉኝን ብቻ ነው። አባባ ቀና አሉና “የግራው ቅንድብ ጫፉ ላይ ቀጥኗል” አሉኝ። “ቀለም ሲያልቅብሽ መቃውን አትጎትቺ። አንሥተሽ እንደገና ንከሪ።”

ከአባቴ የተማርኩት የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነበር።

ከዚያ ቀዩን ቀንድ ወደሳቸው አስጠጉ። በመጽሐፍ መጨረሻ እንደሚያደርጉት፣ ከተራራው በላይ ባለው ነጭ ላይ፣ በዚያ ውብ እጃቸው፣ የሣለውንም ያየውንም ጠብቆ ያኖረውንም ፈጣሪ ይማር ብለው ጻፉ። ከመጨረሻው ቃል በኋላ የአንድ ስም ያህል ቦታ ክፍት ተዉ። ለመጽሐፉ ባለቤት ሁልጊዜ እንደዚያ ይተዋሉ።

“ክፍቱ የኔ ነው?” አልኳቸው፤ ደፍሬ።

“ጠብቆ ያኖረው ነው ያልኩት” አሉ አባባ። “መቼ አኖርሽ? ትናንት የመጣ ነገር! አኑሪውና ስምሽን ራስሽ ትጽፊያለሽ።”

መምሬ ሺበሺ በሳምንቱ መጥተው አዩና “እንዴ፣ አሁን ሰው መሰሉ!” ብለው ወሬውን እነዋሪ ድረስ አደረሱት። የእነዋሪዎቹ ሽማግሌዎች ከፋሲካ በፊት ተመልሰው መጡ፤ መጽሐፉን አባባ ጻፉት፣ በቀይ የሚጻፉትን ቅዱሳት ስሞች የጻፍኩት እኔ ነኝ። ወረቀቶቼም ወደ ሣጥናቸው ተመለሱ።

መንገዱ አልቆ ጋሽ ሊን አገሩ ሲገባ የቀሩትን ሥዕሎች ትቶልኝ ሄደ። ከዚያ በኋላ የመጡት በልውውጥ ነው። እኔ ከጥላሸትና ከገብስ የሠራሁትን ቀለም በመድኃኒት ጠርሙስ እልካለሁ፤ እሱና ወዳጆቹ፣ በኋላም ተማሪዎቹ፣ በዚያ ቀለም የሣሉትን ይልኩልኛል። ባቡሩም፣ ሃያ ፎቁም፣ ስልክ የምትነካካዋም ልጅ የተሣሉት በአንኮበር ጥላሸት ነው። አባባም ጋሽ ሊንም ዛሬ የሉም።

ናሆም ቆሎውን ጨርሶ ነበር። “አያጥፉት” አለ በመጨረሻ፣ ላጥፋው ያልኩት እኔ ይመስል። ተነሥቶ ቀረብ አለና ቀዩን ጽሕፈት አነበበ። “ክፍቱ ቦታ ግን ዛሬም ክፍት ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልጻፉም?”

በየዓመቱ ገና ነው፣ ገና ነው ስል ኖሬያለሁ። ያን ቀን ግን የገዛ ተማሪዬ ዓይኑን ላስጠፋልዎት ሲለኝ፣ እንደ ድመት ከፊቱ ስቆም፣ ማኖር ምን እንደሆነ የገባኝ መሰለኝ። ሥዕሉን ከግድግዳው አወረድኩ። ቀዩን ቀንድ አመጣሁ፣ መቃውን ቀረጽኩ፣ በክርስትና ስሜ ወለተ ሥላሴ ብዬ ጻፍኩ። ቀለሙ ሲሳሳብኝ አልጎተትኩም፤ አንሥቼ እንደገና ነከርኩ።

“ዐውደ ርእይህ ላይ ይሄ በሩ ፊት ይሰቀላል” አልኩት። “ካልሆነ አርባ ሁለቱም ከዚህ ቤት አይወጡም።”

“እሺ፣ ቲቸር” አለ። ሥዕሉን አንሥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው፣ አራቀው፣ አቀረበው። ያ እርሳስ የሚያኝክ ልጅ ዓይኑን አጥብቦ ብዙ አየ።

“የግራው ቅንድብ ግን” አለኝ፣ “ጫፉ ላይ ትንሽ ቀጥኗል።”

“ቀጥኗል” አልኩት። “እኔ ነኝ የሣልኩት።”